ዐፄ ቴዎድሮስ በአማርኛ ድርሰት

ዐፄ ቴዎድሮስ በአማርኛ ድርሰት ሲባል፣ ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. የነገሡት ዳግማዊ ቴዎድሮስ በዜና መዋዕል፣ በልብ ወለድና በተውኔት የተሣሉበትን መንገድ ያመለክታል። ንጉሡ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ስማቸው ከሁለት ወገን ተበላሽቶ ነበር። በአገር ውስጥ ጎንደርን ያቃጠሉና ከካህናት ጋር የተጣሉ ጨካኝ ተብለው፣ በውጭ አገር ደግሞ አውሮፓውያንን በሰንሰለት ያሰሩ እብድ ተብለው ተጽፈዋል። መቶ ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ ግን የአማርኛ ደራስያን ተራ በተራ ያንኑ ሰው እንደገና ጻፉት። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው ቴዎድሮስ፣ ማለትም አገር አንድ ሊያደርግ ተነሥቶ ብቻውን የቀረው ቋረኛ፣ ከታሪክ መጻሕፍት ይልቅ ለእነዚህ ድርሰቶች ባለዕዳ ነው።

በሌላው ዓለም ተመሳሳይ ልማድ አለ። የልዕለ ጀግኖች የሥዕል ታሪክ፣ ማለትም ኮሚክ፣ አንባቢዎች የሚወዱት ጀግና በአንድ ደራሲ እጅ ተበላሸብን ሲሉ ራሳቸው ታሪኩን አቃንተው ይጽፋሉ። ይህ የአድናቂዎች ድርሰት ወይም ፋን ፊክሽን ይባላል፤ አንዳንድ ጊዜም በውድድር መልክ ይካሄዳል። ቴዎድሮስ በእውነት የኖሩ ንጉሥ በመሆናቸው ነገሩ አንድ ዓይነት አይደለም። ሆኖም ጥያቄው ያው ነው፦ የተበላሸን ጀግና ማቃናት ማለት ጥፋቱን መደበቅ ነው ወይስ ጥፋቱን ይዞ ሰውየውን መረዳት?

ደረስጌ

የንጉሡ ታሪክ መነሻ የሚገኘው በሰሜን ተራሮች ግርጌ ነው። ከበየዳ በስተ ምዕራብ፣ በጃናሞራ ወረዳ፣ ደረስጌ ማርያም የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች። ያሠሯት የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሲሆኑ፣ በሥራው የጀርመኑ የእጽዋት ተመራማሪ ሺምፐር ረድቷቸዋል። ውቤ ቤተ ክርስቲያኗን ያዘጋጁት ለራሳቸው ንግሥ ነበር። ከዚያም ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1841 ከግብፅ ጳጳስ ያስመጡት እሳቸው ናቸው፤ እኚህም አቡነ ሰላማ ናቸው።

የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. የቋራው ካሳ ኃይሉ ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አድርገው ማረኳቸው። ሁለት ቀን ቆይቶ፣ የካቲት 5፣ ውቤ ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ፣ ካሳ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ልብ ወለድ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ነገር ቢፈጥር አንባቢ “አበዛው” ይለው ነበር።

ስሙም ራሱ ከመጽሐፍ የተወሰደ ነው። ፍካሬ ኢየሱስ በሚባለው የትንቢት መጽሐፍ መሠረት በመከራ ዘመን ማብቂያ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ከምሥራቅ ተነሥቶ ሰላምና ጥጋብ ያመጣል። ካሳ ይህን ስም ሲይዙ ሕዝቡ አስቀድሞ በሚያውቀው ታሪክ ውስጥ ራሳቸውን አስገቡ። በዚህ ዓይን ካየነው የቴዎድሮስ የመጀመሪያው ደራሲ ራሳቸው ቴዎድሮስ ናቸው፤ በኋላ የመጡት ሁሉ የጀመሩትን የቀጠሉ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች

ከቴዎድሮስ በፊት የነገሥታት ዜና መዋዕል የሚጻፈው በግእዝ ነበር። የእሳቸው ግን በአማርኛ ተጻፈ፤ ሦስት የታወቁ ዜና መዋዕሎች አሉ። አንደኛው የደብተራ ዘነብ ነው። ዘነብ ንጉሡን ቀርበው የሚያውቁና የሚያደንቁ ሰው ነበሩ፤ ጽሑፋቸውን ሊትማን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1902 አሳትሞታል። ሁለተኛውን የጻፉት አለቃ ወልደ ማርያም ሲሆኑ፣ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ግፍ ሳይሸፍኑ ያስቀምጣሉ። የሦስተኛው ጸሐፊ ስም አይታወቅም፤ ጣሊያናዊው ፉዜላ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አትሞታል።

የዘነብና የወልደ ማርያም ልዩነት ለተማሪ ጥሩ ትምህርት ነው። የዘነብ ትረካ በንጉሡ ዘመን አጋማሽ፣ በ1852 ዓ.ም. ግድም ያበቃል። ስለዚህ ክፉዎቹን ዓመታት አላገኛቸውም። የእሳቸው ቴዎድሮስ መልካም የሆነው በፍቅር ብቻ ሳይሆን መጽሐፉ ባቆመበት ቦታ ምክንያት ጭምር ነው። ወልደ ማርያም ግን እስከ መጨረሻው ይሄዳሉ። አንድን ጀግና ለማስከበር ከሚያገለግሉ መንገዶች ሁሉ ቀላሉ ታሪኩን በጊዜ ማቆም ነው።

ካህናቱ ስለ ንጉሡ ክፉ የጻፉበትና የተናገሩበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቴዎድሮስ ለሠራዊታቸው ቀለብ ሲሉ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ለመቀነስ ተነሡ፤ ለአንድ ደብር ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ ብለው ወሰኑ። በመጨረሻም አቡነ ሰላማን አሰሩ፤ ጳጳሱ እ.ኤ.አ. በ1867 መቅደላ ላይ እስረኛ እንደሆኑ ዐረፉ። በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ጎንደር ተዘረፈች፣ ተቃጠለች፤ አብያተ ክርስቲያናቷ ሳይቀሩ ነደዱ። በዚያ ዘመን ብዕር የሚይዘው የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበርና፣ ከጸሐፊዎች ጋር የተጣላ ንጉሥ በጽሑፍ ውስጥ መልካም ስም ሊያገኝ አይችልም ነበር።

ከዚህ ሌላ የትውልድ ሐሜት ነበረ። እናታቸው ችግር ላይ በወደቁ ጊዜ ኮሶ ሸጠው አሳደጓቸው ይባላል። ኮሶ የሆድ ትል ማስወጫ መድኃኒት ስለሆነ፣ “የኮሶ ሻጭ ልጅ” የሚለው ስድብ ዘርን ብቻ ሳይሆን ሙያንም የሚያዋርድ ነበር። በኋላ የመጡት ደራስያን ይህን ስድብ አልደበቁትም፤ ገለበጡት። ነውር የነበረው ድህነት የጀግንነት ማስረጃ ሆነ።

የባዕዳን ብዕር

በ1855 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ አልመጣም። ንጉሡ ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። እንግሊዝ በጄኔራል ናፒየር የሚመራ 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች ላከች። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ በተደረገው ውጊያ ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቁ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6፣ መቅደላ ተሰበረች፤ ቴዎድሮስም ንግሥቲቱ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

ከእስር የወጡት ሰዎች ወዲያው መጽሐፍ አሳተሙ። ዶክተር ብላንክ እ.ኤ.አ. በ1868፣ ራሳም በ1869 የምርኮ ዘመናቸውን ጻፉ። (ይህ ሆርሙዝድ ራሳም ቀደም ሲል በነነዌ ፍርስራሽ ውስጥ የጊልጋመሽን ታሪክ የያዙ የሸክላ ጽላቶች ያወጣ የሞሱል ሰው ነው። አንዱን ጥንታዊ ጀግና ከመሬት አውጥቶ ሌላውን በሕይወት እያለ አገኘው።) ጋዜጠኛው ስታንሊም በ1874 ስለ ዘመቻው ጽፏል። እነዚህ መጻሕፍት ስለ መጨረሻዎቹ ወራት የቅርብ ምስክር ናቸው። ነገር ግን የተጻፉት ለእንግሊዝ አንባቢ፣ ከእስር በተፈቱ ሰዎች፣ ዘመቻው ተገቢ ነበር በሚል መንፈስ ነው። መልስ ያላገኘው ደብዳቤ በእነሱ ዘንድ ትንሽ የቢሮ ስሕተት ሲሆን፣ የንጉሡ ቁጣ ግን እብደት ነው። የአማርኛ ደራስያን ሚዛኑን የገለበጡት እዚህ ላይ ነው፤ ለእነሱ ያልተመለሰው ደብዳቤ የመከራው ሁሉ መጀመሪያ ሆነ።

መልሶ መጻፍ

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመጣው ትውልድ ቴዎድሮስን የሚያይበት ዓይን ሌላ ነበር። ለባዕድ እጅ ከመስጠት ሞትን የመረጠ ንጉሥ ለዚያ ትውልድ ሩቅ ታሪክ አልነበረም።

በ1940ዎቹ መጀመሪያ ደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት “ቴዎድሮስ” የተሰኘ ታሪካዊ ድራማ ጻፉ። ግርማቸው የ“አርአያ” ደራሲ ናቸው፤ አባታቸው ተክለ ሐዋርያት የአማርኛን የመጀመሪያ ተውኔት የጻፉ ሰው ነበሩ። ድራማው ንጉሡን ከዜና መዋዕል አውጥቶ መድረክ ላይ አቆማቸው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በዜና መዋዕል ስለ ንጉሡ ሌላ ሰው ይናገራል፤ በመድረክ ግን ንጉሡ ራሳቸው ይናገራሉ። ለዘመናት ሲከሰስ የኖረ ሰው አፍ አገኘ ማለት ነው።

በ1958 ዓ.ም. የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘሪሁን “የቴዎድሮስ ዕንባ” የተባለውን ልብ ወለድ አወጣ። ብርሃኑ ጋዜጠኛ ነበር፤ አጭርና ግልጽ ዓረፍተ ነገር ይወዳል፣ ጥድፊያ ያለው ትረካ ይጽፋል። ከሁሉ በላይ የሚናገረው ግን ርዕሱ ነው። በሕዝብ አእምሮ ውስጥ የቴዎድሮስ መለያ ሰይፍ፣ ሽጉጥና መድፍ ነበር፤ ብርሃኑ ዕንባ ሰጣቸው። ጎንደር ተወልዶ፣ ከተማውን ያቃጠለውን ንጉሥ በሐዘኔታ መጻፍ ድፍረትም ይቅርታም ይጠይቃል።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1961 ዓ.ም.፣ አቤ ጉበኛ “አንድ ለእናቱ”ን አሳተመ። አቤ የ“አልወለድም” ደራሲ ነው፤ ያ መጽሐፉ በመንግሥት ታግዶበታል። “አንድ ለእናቱ” የሚለው ርዕስ የኮሶ ሻጯን ስድብ በቀጥታ ይመልሳል። ንጉሡን በአባት የዘር ሐረግ ሳይሆን በእናት አንድ ልጅነት ይጠራቸዋል። ዙፋን በዘር በሚወረስበት አገር፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሥልጣን ላይ እያሉ፣ ከምንም ተነሥቶ በራሱ ጉልበት የነገሠን ሰው ማሞገስ ስለ ጥንት ብቻ የሚወራ ወሬ አልነበረም። የዚያ ዘመን አንባቢም ይህን ሳይረዳ አልቀረም።

ባለቅኔ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስለ ቴዎድሮስ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ በኋላም በአማርኛ ተውኔት ጽፏል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ካሳ አነሣሥ “ዋሪየር ኪንግ” የተባለ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አሳተመ፤ ስለዚህም ታሪኩ በሌላ አገር ለሚኖር አፍሪካዊ አንባቢ ደረሰ። ከእነዚህ በኋላ ጌትነት እንየው “የቴዎድሮስ ራዕይ”ን ለመድረክ አብቅቷል። የታሪክ ምሁራንም በተመሳሳይ ጊዜ ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። ስዊድናዊው ስቨን ሩበንሰን እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ንጉሡ መጽሐፍ አሳትሟል። ዶናልድ ክረሚ በ1969 ቴዎድሮስን እንደ ለውጥ ፈላጊ፣ በ1971 ደግሞ ግፋቸውን ለብቻ ለይቶ መርምሯል። ተክለ ጻድቅ መኵሪያ “ዐፄ ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ አንድነት”ን በ1981 ዓ.ም. አበርክተዋል።

እስላምጌ

ማንኛውም የቴዎድሮስ ደራሲ ሊያልፈው የማይችል አንድ ቀን አለ። ከእሮጌ ውጊያ አንድ ቀን በፊት፣ መቅደላ አጠገብ እስላምጌ ላይ፣ ንጉሡ በርካታ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን አስገደሉ፤ ብዙዎቹ ከነነፍሳቸው ወደ ገደል ተወረወሩ። አውሮፓውያኑ እስረኞች ግን አልተነኩም፤ በኋላም በነፃ ተለቀቁ። የዓለም ዘመቻ የተንቀሳቀሰው ለተፈቱት ነው፤ ገደል ስለገቡት ማንም አልዘመተም።

ለዚህ ቀን ደራሲ የሚያገኘው መንገድ ጥቂት ነው። አንዱ መዝለል ነው። ሌላው በጠላት፣ በከሐዲ መኳንንት፣ በእንግሊዝ ላይ ማሳበብ ነው። ሦስተኛው፣ ከባዱ፣ ድርጊቱን እንዳለ አስቀምጦ የሠራውን ሰው ማልቀስ ነው። የ“ዕንባ” ርዕስ የሚጠቁመው ወደዚህ ሦስተኛ መንገድ ነው፤ የንጉሡን ንዴት፣ ጸጸትና ብቸኝነት የሚያሳዩ ክፍሎች ከድል ትዕይንቶች ይልቅ ዕድሜ ያላቸውም ለዚህ ይመስላል።

በልዕለ ጀግኖች ታሪክ ውስጥ ለዚህ የሚቀርብ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው “አቬንጀርስ” ቁጥር 200 ላይ ሚስ ማርቭል የተባለችው ጀግና፣ ፈቃዷን በመሣሪያ ከተቆጣጠረ ሰው ጋር ወደ ሌላ ዓለም ስትሄድ ጓደኞቿ በደስታ ሸኟት። አንባቢዎች ተቆጡ፤ ካሮል ስትሪክላንድ የምትባል አንባቢ የተፈጸመው ነገር መደፈር ነው ብላ ጻፈች። በሚቀጥለው ዓመት ደራሲው ክሪስ ክሌርሞንት ጀግናዋን መልሶ አመጣት። ክሌርሞንት ያ ነገር አልሆነም አላለም። ይልቁንም ሚስ ማርቭል በጓደኞቿ ፊት ቆማ ለምን እንዳልደረሱላት እንድትጠይቃቸው አደረገ። ጉዳቱ ከነጠባሳው ቀረ፤ ትርጉሙ ግን ተለወጠ። የአድናቂዎች ድርሰት ለሚሞክሩ ሁሉ ይህ ሥራ ጥሩ መለኪያ ነው። ለቴዎድሮስ ደራስያንም ቢሆን እስላምጌን ከሚሰርዝ ይልቅ እስላምጌ ላይ የሚቆም ድርሰት ይበልጣል።

ኢትዮጵያም ዛሬ የራሷ ልዕለ ጀግኖች አሏት። ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 “ጀምበር”ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ማሳተም ጀመረ፤ ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን አዲስ አበባ ውስጥ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ቀጥሎም “ሐዊ” የምትባል ሴት ጀግና መጣች። አዲስ ጀግና መፍጠር አንድ ጥቅም አለው፤ የሚቃና ስም፣ የሚከራከር ዘር፣ የሚነድ ከተማ የለበትም። ቴዎድሮስን የሚጽፍ ሰው ግን ያቃጠሉትን ከተማ ሰዎች የልጅ ልጆች አንባቢ አድርጎ ነው የሚጽፈው።

ከደረስጌ ሲታይ

መልሶ የተጻፈው ቴዎድሮስ ሲገንን የሚያንሱ ሰዎች አሉ፤ የመጀመሪያው ውቤ ናቸው። ታሪኩ ከካሳ ወገን ሲተረክ፣ የሰሜኑ ደጃዝማች ከዙፋኑ በፊት የቆመ የመጨረሻ መሰናክል ከመሆን አያልፉም። እውነተኛው ውቤ ግን ሰሜንን ከአባታቸው ከራስ ኃይለ ማርያም በኋላ የያዙ፣ ትግራይን ለሃያ ዓመታት ያህል የገዙ፣ ጳጳስ ያስመጡ፣ ከባሕር ማዶ መንግሥታት ጋር የተላላኩ መስፍን ነበሩ። ከደረስጌ በኋላ እስከ ሞቱበት እስከ 1867 እ.ኤ.አ. ድረስ በእስር ኖሩ። ወገናቸው አገው ንጉሤም በሰሜንና በትግራይ ሸፍቶ ለዓመታት ከቴዎድሮስ ጋር ተዋግቷል፤ በ1861 እ.ኤ.አ. ተይዞ ተገደለ። በበየዳና በጃናሞራ ቀዬ ላይ ሆኖ የሚያስብ አንባቢ፣ “ዘመነ መሳፍንት አበቃ” የሚለውን የመማሪያ መጽሐፍ ዓረፍተ ነገር የአንድ ቤት መፍረስ አድርጎም ሊያነብበው ይችላል።

ሁለቱ ቤቶች ግን በድርሰት ሳይሆን በሥጋ ተገናኝተዋል። የውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ የቴዎድሮስ ሚስት ሆኑ። ከመቅደላ መውደቅ በኋላ እንግሊዞች ወደ ባሕር ሲመለሱ መንገድ ላይ ታመው ሞቱ፤ ጨለቆት ተቀበሩ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በ1879 እ.ኤ.አ. ሊድስ ውስጥ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ። የቋራው ካሳና የሰሜኑ ውቤ የልጅ ልጅነትና ልጅነት የተገናኘበት ያ ወጣት እስካሁን ዊንዘር ተቀብሮ ይገኛል። በ2019 እ.ኤ.አ. ከንጉሡ ራስ የተቆረጠው ጸጉር ከለንደን ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል፤ የልጁን አጽም ለመመለስ የቀረበውን ጥያቄ ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለውም።